የቱ ወንበር ይሻላል? ግሎብ ቲያትር ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

አንዲት ወዳጄ «የቱ ወንበር ይሻላል?» ብላ ደወለችልኝ። እናቷ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው፤ ጁን ውስጥ አንድ ምሽት ለንደን፣ ቴምዝ ወንዝ ዳር ወዳለው ሼክስፒርስ ግሎብ (የሼክስፒር ተውኔቶች ይታዩበት የነበረውን ጥንታዊ ቲያትር ቤት አስመስሎ የተሠራ ነው) ልትወስዳቸው አስባለች። የመቀመጫው ካርታ ከፊቷ ተከፍቷል፤ ጥግ ላይ ደግሞ የያዘችው ቦታ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይላት የሚያሳየው ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል።

ተራ ጥያቄ ነው። ሌላ ቲያትር ቤት ቢሆን «መሃል ለመሃል፣ ኪስሽ የፈቀደውን ያህል ወደ ፊት» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ግሎብ ላይ ግን ዋጋና ጥቅም አብረው አይሄዱም። ለተዋናዮቹ ከሁሉም የሚቀርበው ቦታ ከሁሉም ርካሹ ነው። ደህና ገንዘብ የተከፈለበት አግዳሚ ላይ ደግሞ ምሰሶ ይጋርዳል፣ ወገብ ይደክማል። ስለዚህ መልሴ ሌላ ጥያቄ ሆነ፤ «የእናትሽ ጉልበት እንዴት ነው?» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ነገሩ ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰብኝ፣ እዚያ ቤት ቦታ ለመምረጥ ከዓይን በፊት ወገብንና እግርን ማማከር እንደሚሻል እያመንኩ መጣሁ።

ቆሞ ማየት

የቤቱን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ግሎብ በ1599 ተሠራ፤ በ1613 በትርዒት መሃል የተተኮሰ መድፍ የሣር ክዳኑን ለኮሰውና ነደደ። በጊዜው የተጻፈ ደብዳቤ እንደሚለው ከተጎዳው ሰው ሁሉ የሚነሣው አንድ ሱሪው የተቀጣጠለበት ተመልካች ነው፤ እሱንም ያጠፉት በጠርሙስ ቢራ ነበር። የዛሬውን ቤት ያስጀመረው አሜሪካዊው ተዋናይ ሳም ዋናሜከር በ1993 ስለሞተ የ1997ቱን መክፈቻ አላየም። ሕንፃው ከጥንቱ ቦታ 230 ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ክብ መሳይ ነው፣ መሃሉ ለሰማይ ክፍት ነው፣ ዙሪያውን በሦስት ደርብ የታነፀ የእንጨት መቀመጫ ይከብበዋል። 857 ሰው ይቀመጣል፤ 700 ሰው ይቆማል።

የሚቆመው ሕዝብ ያለበት ሜዳ ካርታው ላይ «ያርድ» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ትኬቱ ከሃያ ዓመት በላይ 5 ፓውንድ ነበር፤ አሁንም ከ5 ይጀምርና እንደ ቀኑ ከፍ ይላል። ቁጥር ያለው ቦታ የለውም፤ ቀድሞ የደረሰ ይመርጣል። መድረኩ ወደ ሕዝቡ ገብቶ የተሠራ ስለሆነ በሦስት በኩል መቆም ይቻላል።

ሦስት ሰዓት ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ያርድን አይፈራም ብሎ ማሰብ ይቀናል። ግማሽ እውነት አለው። ቤተ ክርስቲያን ግን መቋሚያ አለ፣ ሲደክም ወደ ግድግዳው ማፈግፈግ አለ፣ አረፍ ማለትም አለ። ያርድ ውስጥ ትርዒቱ እየታየ መሬት መቀመጥ አይፈቀድም፤ ቁጢጥ ያላችሁ እንደሆነ ከበጎ ፈቃደኛ አስተናጋጆች አንዱ መጥቶ በትሕትና ያስነሣችኋል። ተዋናዮች በሰዉ መሃል ሰንጥቀው ይገባሉ፤ አንዳንዴ ጋሪ ይገፋሉ፣ እናንተም ገለል ማለት አለባችሁ። ሙቀት ሲበረታ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው አይጠፋም። በ2014 የሼክስፒር «ቲቶስ አንድሮኒከስ» በድጋሚ ሲታይ ብዙ ተመልካች መውደቁን ጋዜጦች በሰፊው ጽፈውታል። በእርግጥ ያ ትርዒት ደም የሚረጭበት ስለነበር ጥፋቱ ሁሉ የመቆም ብቻ አልነበረም።

ለመቆም የወሰነ ሰው የሚደገፍበት ነገር ይፈልግ። ምርጫው ሁለት ነው፤ የመድረኩ ጠርዝ ወይም ከኋላ ያለው የታችኛው ደርብ ግድግዳ። ጠርዙ ላይ ክንድ ማሳረፍ ይቻላል፣ የተዋናዩን ላብ እስከማየት ትቀርባላችሁ። መድረኩ ግን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ቁመታችሁ አጠር ካለ ዓይናችሁ ከመድረኩ ወለል ጋር እኩል ይሆንና የምታዩት ጫማ ነው፤ ስታንጋጥጡ ደግሞ አንገት ይደርቃል። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ መቆም ለጀርባ ይመቻል፣ መድረኩም ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ጠንቁ ከፊት የሚቆመው ረጅም ሰው ነው። መሃል ሜዳ ላይ የሚቆም ሰው ሁለቱንም ያጣል። እኔ የኋላውን እመርጣለሁ፣ በተለይ መጀመሪያ ለሚሄድ። ጠርዙን የሚፈልግ ግን በሩ ከመከፈቱ በፊት ሰልፍ መያዝ አለበት፤ በመሃል መጸዳጃ ቤት ከሄደ ቦታው የለም።

ለያርድ አንድ ነገር ልመስክርለት። ከመድረኩ በላይ ያለው ጣራ ሥር በፀሐይ፣ በጨረቃና በከዋክብት ምልክቶች የተሣለ ነው። ያን ሥዕል በደንብ የሚያየው 5 ፓውንድ የከፈለው ነው። ላይኛው ደርብ ያለ ሰው የሚያየው የጣራውን ክፈፍ ነው።

ሁለቱ ዓይነት ምሰሶ

«ምሰሶ ይጋርዳል» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው መድረኩ ላይ የቆሙትን፣ እብነ በረድ እንዲመስሉ የተቀቡትን ሁለቱን ግዙፍ ዓምዶች ነው። እነሱ ያን ያህል አያሳስቡም። የግሎብ ተዋናዮች ምሰሶዎቹ እንዳሉ አውቀው ነው የሚንቀሳቀሱት፤ አንድ ቦታ ተተክለው ብዙ አይቆዩም። ንጉሡ ቢጠፋባችሁ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በኋላ በሌላኛው በኩል ብቅ ይላል።

የሚያናድደው ደርቦቹን የተሸከመው፣ ከፊታችሁ አንድና ሁለት ሜትር ላይ ያለው ቋሚ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ አሥር ሜትር ላይ ካለው መድረክ ሦስት ሜትር ያህል ይጋርዳል። ያው እንጨት ራሱ መድረኩ ላይ ቢሆን ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ካርታው ላይ መድረኩን ብቻ አትዩ፤ ከወንበራችሁ ፊት ያለውን ቋሚ ፈልጉ። ሲጫኑት «ሪስትሪክትድ ቪው» (እይታው የተጋረደ) የሚል ማስጠንቀቂያ የሚያመጣ ቦታ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ ርካሽነቱ የመጣው ከዚያ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ያም ሆኖ ሁሉም የተጋረደ ቦታ እኩል አይደለም። የመድረኩን የፊት ጥግ የሚጋርድና የኋላውን በርና በረንዳ የሚጋርድ ይለያያሉ። ጁልየት በረንዳ ላይ የምትቆምበትን ተውኔት ልታዩ ከሆነ የኋለኛው ጨዋታውን ያበላሻል።

ጎንና ጎን፣ መድረኩን ታክከው ያሉት ቦታዎች ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን ተዋናዩ ወደ መሃል ሲዞር የምታዩት ጀርባውን ነው። ከመድረኩ ግራና ቀኝ ያሉት «ጀንትልመንስ ሩምስ» የሚባሉት ክፍሎች ከአግዳሚው የተሻለ ምቾት አላቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ጨዋታውን የሚያሳዩት ከጎን ነው። ላይኛው ደርብ ላይ ደግሞ የመድረኩ ጣራ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ከኋላ ያለውን በረንዳ ሊቆርጠው ይችላል።

አሁን ወደ ወገብ። መቀመጫው ሁሉ ማለት ይቻላል መደገፊያ የሌለው የእንጨት አግዳሚ ነው። ትራስ ይከራያል፤ መደገፊያም እንዲሁ። ይሄ አዲስ ብልጠት አይደለም። በ1599 ለንደንን የጎበኘው ቶማስ ፕላተር የሚባል የስዊዝ ሰው፣ ቆሞ ለማየት አንድ ፔኒ፣ ለመቀመጥ ሌላ ፔኒ፣ ትራስ ላለው የተሻለ ቦታ ሦስተኛ ፔኒ ይከፈል እንደነበር ጽፏል። ትራሱን ትኬት ስትቆርጡ አብራችሁ ያዙት፤ «እዚያው እናያለን» ያለ ሰው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ እየተቁነጠነጠ ነው የሚያየው። በነፃ መደገፊያ የሚሰጡ ረድፎች ግን ሁለት አሉ። የመጨረሻው ረድፍ ጀርባው ግድግዳ ነው። የፊተኛው ረድፍ ክንድ የሚያሳርፉበት አጥር አለው። በመሃል ያሉት ረድፎች ሁለቱንም አያውቁም፤ ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ለጉልበታችሁ፣ ከኋላ ያለው ሰው ጉልበት ለጀርባችሁ ነው።

ሦስቱ ቦታዎች

ወደ ስልኩ ልመለስ። ለሁለት ሰው አጠገብ ለአጠገብ የቀሩላት ቦታዎች ሦስት ነበሩ፤ ታችኛው ደርብ ከጎን፣ ማስጠንቀቂያ ያለው፤ ላይኛው ደርብ የፊት ረድፍ፣ መሃል ለመሃል፤ መካከለኛው ደርብ የመጨረሻው ረድፍ፣ ከመሃል ትንሽ ወጣ ያለ። ዋጋቸው በቅደም ተከተል ይጨምራል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ የተደበላለቀ ነበር።

እናት ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ አንድ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። እንግሊዝኛቸው ለገበያ ይበቃል፣ ለሼክስፒር ግን አይበቃም፤ ለነገሩ ለሼክስፒር የሚበቃ እንግሊዝኛ ያለው እንግሊዛዊም ጥቂት ነው። መጀመሪያ ታችኛውን ደርብ አሰብኩ። ደረጃው ጥቂት ነው። ቃሉን የማይከተል ሰው ደግሞ ፊትን ነው የሚከተለው፤ ቅርበት ለእሳቸው ከማንም በላይ ያስፈልጋል አልኩ። ግን ከጎን ነው፤ ፊት ፍለጋ ሄደው ትከሻና ማጅራት ሲያዩ ሊያመሹ ነው። በዚያ ላይ ቋሚው አለ።

ላይኛው የፊት ረድፍ መድረኩን እንደ ካርታ ያሳያል። ጦርነትና ጭፈራ ያለበት ተውኔት ከዚያ ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ደረጃው ብዙ ነው፤ ዝግጅቱ ሲጀመር፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሲያልቅ እያሉ ሲቆጥሩት የጉልበት ጉዳይ ነው። ከአጥሩ ላይ ለማየት ወደ ፊት መደፋትም ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ቤቱ ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መድረኩም እስከ ሜዳው መሃል ይዘልቃል። ርቆ የሚሰቃይ ወንበር የለም። ከመጨረሻው ረድፍም የፊት ገጽታ ይለያል፣ ድምፅም ያለ ማጉያ ይደርሳል። ታዲያ ለቅርበት ለምን ይከፈላል? ርቀት እዚህ ቤት የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ የሚያስከፍለው ጀርባና ቋሚ ነው። መካከለኛው ደርብ፣ የመጨረሻው ረድፍ። ግድግዳ ለጀርባ፣ ትራስ ለታች፣ የላይኛው ደርብ ለዝናብ። ከፊት ያሉት ሰዎች ራስ ትንሽ ይቆርጣል፤ አልደበቅኳትም። «እነሱን ያዢ» አልኳት፤ ያዘች።

አብረው የሚሄዱ ልጆች ኖረው «እኛ ያርድ እንቆማለን» ካሉ ይቁሙ። ግን የያርድ ትኬት ይዞ ደርብ ላይ መቀመጥ ስለማይቻል፣ እናት ብቻቸውን እንዳይቀመጡ አንድ ሰው አጠገባቸው ይያዝ።

ስትቆርጡ

ከሁሉ በፊት የምትገዙት ከራሱ ከቲያትሩ ድረ ገጽ መሆኑን አረጋግጡ። ጉግል ላይ ከላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ትኬቱን ጨምሮ የሚሸጥ ደላላ ነው። የ5 ፓውንድ መቆሚያ በ25 የገዛ ሰው አላየሁም ብል ውሸት ነው።

ቀጥሎ የትኛው ቤት እንደሆነ እዩ። እዚያው ግቢ ውስጥ በ2014 የተከፈተ፣ 340 ሰው ገደማ የሚይዝ፣ ጣራ ያለውና በሻማ የሚበራ ሳም ዋናሜከር ፕሌይሃውስ የሚባል ሌላ አዳራሽ አለ። ክፍት ሰማይ ጠብቆ ሄዶ ሻማ ቤት የገባ አለ። ክፍቱ ግሎብ የሚሠራው ከኤፕሪል መጨረሻ ገደማ እስከ ኦክቶበር ነው።

ከዚያ ሰዓቱ። ትኬቱ ላይ 19:30 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1:30 ነው፤ ለእንግዳችሁ በቴሌግራም ስትልኩ በሁለቱም ጻፉት። የቀን ትርዒትና የማታው ተመሳሳይ ቀን ላይ ጎን ለጎን ስለሚዘረዘሩ ጣት ይስታል። የመቀመጫውን ካርታ ከተቻለ በኮምፒውተር ክፈቱ፤ ስልክ ላይ ነጥቦቹ ስለሚጠጋጉ አጠገቡ ያለው ይያዛል። ወንበሩን ስትነኩት የሚወጣውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ቆጣሪው ስለሮጠ እናንተ አትሩጡ። ሰዓቱ ቢያልቅ ቦታው ይለቀቃል እንጂ ገንዘብ አይቆረጥም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው። መክፈያ ገጹ ላይ ባንካችሁ የሚልከው ኮድ ስልካችሁ ላይ መግባቱን ቀድማችሁ አስቡበት። ከአዲስ አበባ በብር ካርድ መክፈል ብዙ ጊዜ ስለማይሳካ የሚቆርጠው ለንደን ያለው ዘመድ ነው። ዘመድም ይስማኝ፦ ቪዛው ሳይመታ ትኬት አይቆረጥም። እንግዳው አልመጣም ብሎ ገንዘብ ማስመለስ የማይታሰብ ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የተለየ ቦታ አለ። እሱን ከካርታው ላይ ከመገመት ትኬት ቢሮው ደውሎ መያዝ ይሻላል።

ፀሐይና ዝናብ

ዝናብ ትርዒቱን አያስቆመውም፤ ገንዘብም አያስመልስም። ያርድ ውስጥ ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነው፤ የኋላውን ሰው ይጋርዳል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ያዙ፤ ቀጭን ፕላስቲኩ እዚያም ይሸጣል። ደርቦቹ ክዳን አላቸው፤ ነፋስ ሲቀላቀል ግን የፊተኛው ረድፍ ይረጥባል።

ፀሐይን የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። መድረኩ በደቡብ በኩል ስለተሠራ በቀን ትርዒት ተዋናዮቹ ጥላ ውስጥ ናቸው፤ ፀሐዩ የሚያርፈው ያርዱና ከመድረኩ ፊት ለፊት ባሉት መቀመጫዎች ላይ ነው። ውድ የሆነው የመሃል ቦታ ዓይን የሚያጨናብሰው በዚህ ሰዓት ነው። ኮፍያ፣ ውሃ። ለማታው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጁን ላይ የለንደን ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3:20 ገደማ ስለሆነ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ጨለማ ለለመደ እንግዳ የመጀመሪያው ክፍል በቀን ብርሃን ማለቁ ይገርመዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ብርዱ ከወንዙ ይመጣል። ጋቢ ይዞ መሄድ አያሳፍርም።

ቋንቋው ካስጨነቃችሁ የትርዒቶቹን ዝርዝር ስታዩ «ካፕሽንድ» የተባለውን ቀን ፈልጉ። የሚነገረው በስክሪን ይጻፋል፤ መስማት ለሚቸገሩ የታሰበ ቢሆንም ለእኛም ይጠቅማል። ስክሪኑ ከሁሉም ቦታ ስለማይታይ ግን ከየት እንደሚታይ ትኬት ቢሮውን ጠይቃችሁ ወንበር ምረጡ። «ሐምሌት»፣ «ኦቴሎ» ወይም «ማክቤዝ» ከሆነ ደግሞ ጸጋዬ ገብረመድህን ወደ አማርኛ መልሶታልና ቀድሞ ያነበበ ሰው ስክሪን አይፈልግም። በ2012 እዚሁ ግሎብ 37 ተውኔቶች በ37 ቋንቋዎች ሲታዩ ስዋሂሊ፣ ዮሩባና ሾና ነበሩ፤ አማርኛ አልነበረም። ያ ትርጉም ሁሉ እያለን ይቆጨኛል።

ትኬቱ አልቋል ቢባልም ተስፋ አትቁረጡ። ሰዎች የሚመልሱት ትኬት ስላለ በዕለቱ ትኬት ቢሮው ጋ የተመላሽ ሰልፍ ይያዛል። ሁለት ጎን ለጎን ማግኘት ይከብዳል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብላክፍራይርስ ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ በወንዙ ዳር ብትሄዱ ወይም ከሴንት ፖልስ በሚሌኒየም ድልድይ ብትሻገሩ ቅርብ ነው፤ ትርዒቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ ድረሱ።